ሬዲዮዋን ያቃጠላት መብራቱ አልነበረም

የእማዬን ሬዲዮ ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ይህን ለመናገር 5 ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሬዲዮዋ ከመቃጠሏ በፊት በነበረው ወር የቤታችን ጀግና ነበርኩ። መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ እየጠፋ ሲያስቸግረን የራውተሩን አዳፕተር ገልብጬ አየሁት፤ ከግድግዳ 220 ቮልት ተቀብሎ የሚሰጠው 12 ቮልት ነው። የሞተር ሳይክል ባትሪም 12 ቮልት ነው። ታዲያ በኢንቨርተር ወደ 220 አውጥቶ መልሶ ወደ 12 ማውረድ፣ በመሃል ኃይል ማባከን ለምን? ባለ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አገኘሁ፤ ፊውዝ አስገባሁ፤ ከሞተ አዳፕተር የቆረጥኩትን ገመድ ቀጠልኩበት። ራውተሩ የሚወስደው ግማሽ አምፒር ገደማ ስለሆነ፣ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብጠቀም እንኳ 7 ሰዓት ይሄዳል። ሄደም። ሰፈሩ ጨልሞ የእኛ ዋይፋይ ሲሠራ ጎረቤቱ "ኢንጂነሩ" ይለኝ ጀመር። ያበላሸኝ ይኼ ነው።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤ የእማዬ ሬዲዮም ድንጋይ ጨርሳ ዝም አለች። እማዬ ማዕድ ቤት በሻማ ሽንኩርት እየከተፈች "ድንጋይ ግዛልኝ" አለችኝ። ሱቅ ድረስ መሄዱ ታከተኝ። የራውተሩን ገመድ ነቅዬ ሬዲዮዋ ቀዳዳ ላይ ሞከርኩት፤ ልክክ አለ።

ልክክ ማለቱ ነው ጉዱ። ሬዲዮዋ የምትበላው አራት ድንጋይ ነው፤ እያንዳንዱ 1.5፣ በድምሩ 6 ቮልት። እኔ እጥፉን ሰጠኋት። ያ ሳያንስ፣ ከቀዳዳው አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል ምልክት ተቀርጻለች፦ መሃል ላይ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ቅስት፤ ነጥቧ ከመቀነስ ምልክት ጋር የተያያዘች። መሃሉ ኔጌቲቭ ነው ማለት ነው። የራውተሩ ደግሞ መሃሉ ፖዘቲቭ። በስልኬ መብራት ባያት አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ጠቅ አለች፤ ከዚያ የተበላሸ ዓሣ የመሰለ ሽታ መጣ። በኋላ ስከፍታት አንዱ ካፓሲተር አናቱ ተነፍቶ ፈንድቷል።

ገመዱን ወደ ራውተሩ መለስኩ። የሬዲዮዋን የራሷን አዳፕተር ሰካሁባትና ቁጭ ብዬ መብራት ጠበቅኩ። ሲመጣ፣ "እማዬ፣ በኃይል መጥቶ አቃጠላት" አልኩ። ይህን ማን ይጠራጠራል?

"ወይኔ! እኔ ነኝ ሳልነቅላት የተውኳት" አለች።

ዝም አልኩ። ከውሸቱ ይልቅ ዛሬም የምትከነክነኝ ያቺ ዝምታ ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር እማዬ ትነሳለች። ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ምጣዱን ሳይቀር ትነቅላለች። (ፍሪጁን መንቀሉስ ደግ ነው፤ አልከለክላትም።) ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን፣ ያን የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች ግድግዳ እየዳበሰች ትሄዳለች። አዲስ ሬዲዮ ገዝቼላታለሁ፤ ሶኬት ግን አታስነካትም፣ በድንጋይ ብቻ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ቡና ላይ ነገርኳት። ስለ ነጥቧም ስለ ቅስቷም ሳይቀር አስረዳኋት። ስኒዋን እስክትጨርስ አዳመጠችኝ።

"ታዲያ ያኔውኑ ብትነግረኝ ምን እልህ ነበር?"

መልስ ሳልሰጣት አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ ወደ ፍሪጁ።