«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

ዛሬ ሰንጢዬን ተነጠቅኩ።

አዎ፣ ያቺኑ። መፋቂያ ስቀርጽባት ፎቶዋን ለጥፌላችሁ ግማሻችሁ «ሙዚየም አስገባት»፣ ግማሻችሁ ደግሞ «ጥርስህን አስመርመር» ያላችሁኝን።

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ነው። አንዲት ፊርማ ፍለጋ ሄጄ (ፊርማዋን አላገኘሁም፣ ፈራሚዋ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ እሱን ተዉት)። ቀበቶዬን፣ ቁልፌን፣ ስልኬን፣ ሳንቲሜን ደረደርኩ። ፈታሹ ልጅ ቢበዛ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ከቁልፎቹ መሃል በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አወጣት፣ የሞተች አይጥ ያነሳ ይመስል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሰንጢ ነው።»

«ሰንጢ?!»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ግማሽ እርምጃ ሸሸ። አንዲት እናት ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። እንግዲህ አስቡት፤ ሸብቻለሁ፣ መነጽሬ አንገቴ ላይ በክር ተንጠልጥሏል፣ ባለቤቴ የሠራችልኝን ሹራብ ለብሻለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፈራኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ለሁለት ሰከንድ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

«ምን ሊያደርግልዎት ያዙት?»

«ለመፋቂያ።»

ሰልፉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። ሰንጢዋን ግን አልመለሰልኝም። «ሲወጡ ይወስዷታል» ብሎ ካርቶን ውስጥ ወረወራት። ስትወድቅ ድምጿን ሰማሁ።

ፎቁን ስወጣ ሲከነክነኝ የነበረው ግን ቃሉ ነው። ቢላዋ ብለው ኖሮ ወጥ ቤት ይታየው ነበር። ጩቤ ብለው የጥንት አርበኛ። ሰንጢ ስል ግን የታየው ጨለማ ቅያስ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ሰንጢ እንደ ማበጠሪያ ነበር፤ የአባወራ ኪስ ዕቃ። ገመድ ይቆረጥበታል፣ ብርቱካን ይላጥበታል፣ የገና ዱላ ይጠረብበታል፣ ለቡሄ ጅራፍ የሚሆነው ልጥ ይላጥበታል። አሁን ቃሉ የሚሰማው ከፖሊስ ፕሮግራም ብቻ ነው። «በሰንጢ ወግቶ ካመለጠ በኋላ...»

ደግሞ እኮ ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ሥጋ ቤት አለ። ያንን በር የሚፈትሽ የለም። ሠላሳ ወንድ እያንዳንዱ ክንድ የሚያህል ቢላ ጨብጦ፣ ሦስተኛ ቢራውን ይዞ፣ ስለ ኳስ እየተከራከረ ቁርጡን ይቆርጣል። አንዱ በቢላው ጫፍ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆመ ዳኛውን ይሳደባል። ሰላም ነው። የኔዋ ግን ጣቴን የምታህል፣ ተጣጥፋ የምትተኛ፣ ካርቶን ገባች።

ልጁ ተሳስቷል እያልኩ አይደለም፣ ኮሜንት ላይ እንዳትዘምቱበት። እኛ ሰፈር በሰንጢ የሞተ ልጅ አለ። እናቱን ወተት ስገዛ አገኛቸዋለሁ። ሰላምታ ስንለዋወጥ እጄ ሳላስበው ኪሴ ላይ ይሄዳል፣ የያዝኩትን ያወቁብኝ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ቆሜ ስለ መፋቂያ ባህል ሰበካ አላደርግም።

ለማታውቋት፦ እጀታዋ የበሬ ቀንድ ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ሟሙቷል። ብረቷ የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ጠንካራ ስለሆነ ስለት ይይዛል፤ በፌሮ የተሠራ ቢላ ግን ሽንኩርት ሲያይ ይዶለዱማል። ችግሯ ዝገት አትችልም። ብርቱካን ወይ ሎሚ ከቆረጡባት በኋላ ወዲያው ካልጠረጓት ትጠቁራለች። አባቴ ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ማታ ቅቤ ያስነካት ነበር። መምህር ስለነበር አብዛኛው ሥራዋ እርሳስ መቅረጽ ነው። ጠዋት ጠዋት ሕፃናቱ እርሳሳቸውን ይዘው ይሰለፉለታል። ለሰው ሲያውሳት ስለቱን ወደ ራሱ፣ እጀታዋን ወደ ተቀባዩ አድርጎ ነው። ለልጅም ቢሆን።

የሠሯት ሰውዬ ከከተማችን ዳር ነበር የሚኖሩት። ጎጃም ነው፣ የትኛው ከተማ እንደሆነ የአገሬ ልጆች ታውቃላችሁ። ዳር የሚኖሩት ለምን እንደሆነም ታውቃላችሁ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ልጃቸው ከኔ ጋር ይማር ነበር። ሂሳብ ላይ በለጠኝ። እኔም በእረፍት ሰዓት ሰው ሁሉ እየሰማ ያቺን ቃል አልኩት። ቡዳ አልኩት። ወሬው ቤት ከኔ ቀድሞ ደረሰ። አባቴ አልመታኝም። ሰንጢዋን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና «ነገ እነሱ ቤት ሄደህ አስለህ ትመጣለህ» አለኝ። ብመታ በወደድኩ።

ሄድኩ። ወናፉን የሚነፋው ያ የሰደብኩት ልጅ ራሱ ነበር። አያየኝም። አባትየው ሰንጢዋን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «የመምህር ናት» አሉ፤ የገዛ ልጃቸውን ያዩ ይመስል ፈገግ ብለው። እሷን እርጥብ ድንጋይ ላይ ከመሳላቸው በፊት የጀመሩት ሌላ ቢላ ስለነበረ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ቀይ ብረቱን በጉጠት ይዘው ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ጮኸ። ከዚያ መልሰው ፍም አጠገብ አስጠግተው ቀለሙን ያያሉ። ጭድ የመሰለ ቢጫ ሲሆን አወጡት። «እንዲሁ ቢተው እንደ ጠርሙስ ይሰበራል፤ ሰማያዊ እስኪሆን ቢቆይ ደግሞ ልፍስፍስ ይሆናል» አሉኝ። ቴርሞሜትር የለ፣ ሰዓት የለ፣ ዓይን ብቻ። ሳይንስ የምለው ነገር መጀመሪያ የገባኝ እዚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተማርኩት ፊዚክስ ያንን ቢጫ የሚያህል አላሳየኝም።

ባለቤታቸው ቆሎ በእፍኝ ሰጡኝ። አመሰገንኩ። አልበላሁም። ኪሴ ከተትኩት፣ ከአጥሩ ወጥቼ ደፋሁት። ዞር ስል ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

ማታ አባቴ «ቆሎ ሰጡህ?» አለኝ። «አዎ።» «በላህ?» «አዎ።»

ይኸው አርባ ምናምን ዓመቴ።

እንግዲህ አሁን ንግግር ላደርግ ነው፣ መዝለል ይቻላል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መሳደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ንጉሠ ነገሥት በአዋጅ የከለከሉትን እኔ ሰባ ምናምን ዓመት ዘግይቼ በአምስተኛ ክፍል እረፍት ሰዓት ላይ ደገምኩት። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩ ቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላውን ለገበሬው ሲሠሩ ኖሩ፤ ገበሬው በማረሻቸው አርሶ፣ በማጭዳቸው አጭዶ፣ በዚያው አፉ ቡዳ ይላቸው ነበር። እኛ ቤት ደግሞ የባሰ ነበር። እህቴ አራስ ሳለች አያቴ ይቺኑ ሰንጢ ትራሷ ሥር ከተውላታል። ቡዳ እንዳይበላት! በሠሯት ሰውዬ ጽዋ አልጠጣም የሚሉት አያቴ! ከቡዳ የሚጠብቃት ቡዳ የሚባለው ሰው የቀጠቀጠው ብረት ነው። እስካሁን ድረስ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አስቤ አልጨረስኩም።

ስዊዞችን እዩ። ካርል ኤልስነር የሚባል ቢላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባክ በምትባል መንደር ሱቁን ከፈተ። በ1891 ለሠራዊቱ ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ፤ ወታደሩ የቆርቆሮ ምግብ እንዲከፍትበትና ጠመንጃውን እንዲፈታበት። ዛሬ ያቺ ቀይ ሰንጢ ከነመስቀሏ የአገር መታወቂያ ሆናለች፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በስጦታ ይሰጥሃል። እኔም አንዷ አለችኝ። ጥርስ መጎርጎሪያ ሁሉ አላት። መሳቢያ ውስጥ ናት። እርግጥ እነሱም አላመለጡም፤ ከ2001ዱ የአሜሪካ ጥቃት በኋላ አውሮፕላን ላይ ስለት ሲከለከል ገበያቸው ክፉኛ ተመትቷል። ፈታሽ ስዊዝም አይል።

ንግግሬ አልቋል።

ወደ ካርቶኑ ስመለስ ተረኛ ተቀይሯል። አዲሱ ፈታሽ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፦ አራት ጥፍር መቁረጫ፣ ሁለት መቀስ፣ የላይተር ክምር፣ አንድ ሽቶ፣ አንዲት ቀይ የስዊዝ ሰንጢ። የኔ የለችም።

«ይቺን ይውሰዷታ» አለኝ ቀይዋን እያነሳ። «ባለቤቷ ከመጣ ሰንብቷል።»

«የኔዋን ነው የምፈልገው። የቀንድ እጀታ ያላት፣ አሮጌ።»

«ትሻሎታለች እኮ ጋሼ፣ መቀስ ሁሉ አላት።»

ልጮህ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። «የአባቴ ናት» ልል ስል ድምፄ ተሰበረና ሳል አስመሰልኩት። አዲሱ ልጅ ደነገጠ መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ዞሮ የዘበኞች ክፍል ወዳለችበት ተጣራ።

ያ የጠዋቱ ልጅ ወጣ። ልብሱን ቀይሮ፣ ወደ ቤቱ ሊሄድ። ግራ እጁ ላይ ግማሽ ብርቱካን፣ ቀኙ ላይ ሰንጢዬ። ልጣጩን ሳይበጥስ አንድ ረጅም ጥምዝምዝ አድርጎ ነው የላጠው፣ ክርኑ ድረስ ተንጠልጥሏል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ምሳ ላይ ቢላ አጥተን ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ስለቷ ግን! የት ነው የሚሸጠው?»

ስለቱን ወደ ራሱ፣ እጀታዋን ወደ እኔ አድርጎ ሰጠኝ። ማን አስተምሮት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ብርቱካኑን ከፈለልኝ፣ እዚያው ቆሜ በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

ብረቷን ግን አልጠረጋትም። ጠቁራለች። ቅቤውን አምጪ ብላት ባለቤቴ «ኪሎው ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» አለችኝ፣ እና በዘይት እየወለወልኳት ነው።