ቅርቡ አይሮፕላን ማረፊያ የቱ ነው?

አገር ሰፊ ሲሆን መንገደኛ ሁለት ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ አንደኛው የሚሄድበትን፥ ሁለተኛው የሚነሣበትን ነው። ስለሚሄድበት ቦታ የማያስብ ሰው የለም። የሚነሣበትን ግን ብዙዎቻችን እንደ ዕጣ ክፍል ቈጥረን እንተወዋለን። በተለይ በአይሮፕላን የሚጓዝ ሰው «የሚቀርበኝ ማረፊያ የቱ ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ቅርብ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ቢያስብ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያድናል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ የበለጠ ነገር ያድናል።

ነገሩን ከምኖርበት አገር ልጀምር። እኔ የማስተምረው በስማዳ፥ በወገዳ ከተማ ነው። ከስማዳ፥ ከጋይንትና ከእስቴ ተነሥቶ በአይሮፕላን ወደ አዲስ አበባ መሄድ የፈለገ ሰው ደጃፉ ላይ ማረፊያ የለውም፤ በዙሪያው ግን አራት አሉ። በምዕራብ የባሕር ዳሩ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፥ በሰሜን ምዕራብ የጎንደሩ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ በሰሜን ምሥራቅ የላሊበላው፥ በምሥራቅ ደግሞ የኮምቦልቻው ናቸው። ማስመሪያ ይዞ በካርታ ላይ ለሚለካ ሰው ከወገዳ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ላሊበላ ያለው ርቀት ብዙ አይበላለጥም። ኮምቦልቻም ቢሆን የማይደረስበት አይመስልም። ዳሩ ግን በካርታው ላይ በቀጭን መስመር የተሣለው የበሽሎ ወንዝ ምን ያህል ገደል እንደ ሆነ የስማዳ ሰው ያውቀዋል። ማስመሪያው የሚለካው የአሞራን መንገድ ነው፤ የሰው መንገድ የሚለካው በመኪና ሰዓት ነው።

የእኛ አገር ዋና መንገድ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፥ በነፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚደርሰው ነው። በዚህ መንገድ ወደ ምዕራብ የሄደ ባሕር ዳር ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሄደ ጋሸና ላይ ታጥፎ ወደ ላሊበላ ይወጣል። የእስቴ ሰው በአንበሳሜ አድርጎ ሐሙሲት ላይ ስለሚወጣ ባሕር ዳር ያለ ክርክር ቅርቡ ነው። ጎንደር ለሁላችንም ሁለተኛ ነው፤ ከወረታ እስከ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጎንደር የዚያ እጥፍ ያህል ይርቃል። ሆኖም ማረፊያው የሚገኘው ከከተማው በስተ ደቡብ አዘዞ ስለ ሆነ፥ ከወረታ የሚመጣ ሰው ከተማው ሳይገባ ያገኘዋል። የላሊበላው ግን ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፥ ከተማ ገብቶ ያደረ ሰው ጠዋት ሌላ መንገድ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ክርክሩ ለጋይንት ሰው ነው። ባለፈው ዓመት በነፋስ መውጫ የሚኖሩ አጎቴ ታመው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ እንዲሄዱ በታዘዘ ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ በዚሁ ጉዳይ ተነጋግሯል። የበኵር ልጃቸው፥ «ለታመመ ሰው አጭሩ መንገድ ይሻላል፤ በላሊበላ በኩል እንሂድ» አለ።

እኔም፥ «አይሮፕላኑ የቀረ እንደ ሆነስ፥ ወንድም ጋሼ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ባሕር ዳር የሚመላለሰው አይሮፕላን ከላሊበላው ይበዛል። አንዱ ቢቀር ሌላውን መጠበቅ ይቻላል፤ ሁሉም ቢቀር አውቶቡስ አለ። በሽተኛው ቢደክም የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ የሚያሳድር ዘመድም አይጠፋም። አጎቴ ሁላችንንም ካዳመጡ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ እኔን የሚያስፈራኝ የመንገዱ ርዝመት አይደለም፤ መንገድ ላይ መቅረቱ ነው» አሉና ነገሩን ቈረጡት። በባሕር ዳር ሄዱ።

የዚያን ቀን አይሮፕላኑ በሰዓቱ ተነሣ። እንግዲያማ ስጋታችን ሁሉ ከንቱ ነበር የሚል ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ አልልም። የማረፊያ ምርጫ የሚመዘነው ጕዞው በሰመረ ጊዜ ሳይሆን፥ ባይሰምር ለመንገደኛው ምን እንደሚተርፈው በመጠየቅ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ ሥራ ሲጀምር አይሮፕላኖቹ ሁለት ሞተር ያላቸው ዳኮታዎች ነበሩ፤ እነዚያም የተስተካከለ ሜዳ ካገኙ ያርፉ ነበር። የዛሬዎቹ ግን ረጅምና ጠንካራ መንደርደሪያ ይሻሉ። አገራችን ደጋ ናት፤ ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። በከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ጕልበትና የክንፉ የማንሣት ኀይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወይ መንደርደሪያው መርዘም፥ ወይ ጭነቱ መቅለል አለበት። የቦሌው መንደርደሪያ 3,800 ሜትር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። አንባቢ ሆይ፥ ሚዛኑ ላይ የቆመው ሠራተኛ የቅቤና የበርበሬ ቋጠሮዎን ሲመዝን ሊያስቸግርዎ ፈልጎ አይምሰልዎ።

ስምም ያሳስታል። የኮምቦልቻው ማረፊያ በቲኬት ላይ የሚጻፍበት ምልክት «ዲ ኤስ ኢ» የተወሰደው ከደሴ ስም ነው፤ ማረፊያው ግን ያለው ኮምቦልቻ ነው። በውጭ አገርም እንዲሁ ነው። ለትምህርት ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ተማሪ ከተማይቱን የሚያገለግሉ ሦስት ማረፊያዎች እንዳሉ ይወቅ፤ ሬገን፥ ደለስና የባልቲሞሩ ናቸው። የእኛ አየር መንገድ የሚያርፈው በደለስ ሲሆን፥ እርሱም ከከተማው መካከል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሬገን የሚጠብቅ ዘመድ ያለው ተማሪ ብዙ ሳይደናገጥ አይቀርም።

ስለዚህ ቲኬት ከመቍረጥዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። ከቤትዎ እስከ ማረፊያው በመኪና ስንት ሰዓት ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ በረራ አለ? በረራው ቢቀር የት ያድራሉ፥ በምንስ ይቀጥላሉ? አራተኛው ግን ከሁሉ ይቀድማል፤ መንገዱ ሰላም ነውን? በ2015 ዓ.ም. ክረምት ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ለጊዜው ተቋርጦ እንደ ነበር አንረሳም። ይህን የሚነግርዎ ካርታ አይደለም፤ ትናንት በዚያው መንገድ የመጣ ሾፌር ነው።

በመምህርና በጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በአይሮፕላን መሄድ የዘወትር ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያስነሣን ሕመም፥ ኀዘን ወይም ብርቱ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ቀን ደግሞ ለማሰብ ፋታ አይሰጥም። ደኅና ሳሉ፥ ማንም ሳያስቸኵልዎ፥ ለእርስዎና ለቤተ ሰብዎ ቅርቡ ማረፊያ የቱ እንደ ሆነ ለይተው ይወቁ፤ ለሽማግሌዎቹም ይንገሯቸው።