በበጋ የቆፈሩት አባት



ባለፈው ክረምት ጀመዓችን ከጁሙዓ በኋላ ችግኝ ለመትከል ሲወጣ እኔም አብሬ ወጥቼ ነበር። ሦስት ተከልኩ። ጭቃ በጭቃ ሆነን ፎቶ ተነሳን፤ ለእናቴም ላክሁላት። “አላህ ይቀበልህ ልጄ” አለችኝ። ከዚያ ጥቅምት ገባ፤ አሳይመንቱም ፈተናውም ተደራረበ። ህዳር ላይ በዚያ በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ አየሁ። ሁለቱ ደርቀዋል። ሦስተኛው የት እንደነበረ እንኳ መለየት አልቻልኩም። በእነዚያ ወራት አንድ ጀሪካን ውሃ ይዤ ለመሄድ ጊዜ አላገኘሁም ብል ውሸታም እሆናለሁ።

ያን ዕለት ማታ ትዝ ያሉኝ አንድ የቡርኪና ፋሶ ገበሬ ናቸው፤ ያኩባ ሳዋዶጎ። ያኩባ ማለት የእኛው ያዕቁብ ነው። ስለ እርሳቸው የተሠራውን ዘጋቢ ፊልም የአፈርና ውሃ ጥበቃ መምህራችን ክፍል ውስጥ አሳይቶን ነበር። ህዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በ77 ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ወሩ ህዳር በመሆኑ ይህችን ጽሑፍ ለመታሰቢያቸው ልጻፍ አልኩ።

ያኩባ የተወለዱት በሰሜን ቡርኪና ፋሶ፣ ያቴንጋ በሚባለው አካባቢ ነው። በልጅነታቸው ቁርኣን እንዲቀሩ ወደ ማሊ ተልከው ነበር፤ ማንበብና መጻፉ ግን አልሆነላቸውም። ሲመለሱ ገበያ ላይ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ መነገድ ያዙ። በዚያ ዘመን ሳሄል በድርቅ ላይ ድርቅ ተመታ። መሬቱ እንደ ሲሚንቶ ደረቀ፤ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ሳይሰርግ ላዩ ላይ ፈስሶ ይሄዳል። ሰዉ ቤቱን እየዘጋ ሲሰደድ እርሳቸው ሱቃቸውን ትተው ወደ መሬቱ ተመለሱ።

ያደረጉት ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። በአካባቢው ዛይ የሚባል የቆየ ዘዴ አለ፤ በደረቀው መሬት ላይ ትንንሽ ጉድጓድ እየቆፈሩ እዚያ ውስጥ መዝራት ነው። ያኩባ ጉድጓዱን ሰፋና ጠለቅ አደረጉት፤ ፍግና ብስባሽም ጨመሩበት። ፍጉ ምስጥ ይጠራል። እኛ ምስጥ ስናይ ቶሎ የምንፈልገው መርጨት ነው፤ እርሳቸው ግን ሠራተኛ አደረጉት። ምስጡ መሬቱን ይበሳሳዋል፣ ውሃው በዚያ ቀዳዳ ወደ ታች ይሰርጋል። ጎርፉ እንዲበርድ ደግሞ ድንጋይ በመስመር ይደረድራሉ። ማሽላው በቀለ። ከፍጉ ጋር የመጣው የዛፍ ዘርም አብሮ በቀለ፤ እርሳቸውም አልነቀሉትም፤ ተንከባከቡት።

ሰዉን ያስገረመው ጊዜው ነው። ያኩባ የሚቆፍሩት በበጋ ነበር፣ ፀሐይ በሚያቃጥልበት፣ የዝናብ ተስፋ በሌለበት ወቅት። ልማዱ ደግሞ ዝናቡ ሲቃረብ መሬት መንካት ነው። ስለዚህ “አብዷል” አሏቸው። ይባስ ብሎ ደናቸውን በእሳት ለቀቁባቸው። አመዱ ላይ እንደገና ተከሉ።

ዓመታት ሲያልፉ ያ ጠፍ መሬት ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ደን ሆነ፤ ከ60 በላይ የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነት በቀለበት። ያወቁትንም ለራሳቸው አልደበቁም። በዓመት ሁለት ጊዜ ከየመንደሩ የሚመጡ ገበሬዎች እርሻቸው ላይ እየተሰበሰቡ ዘርና ልምድ ይለዋወጡ ነበር። “አብዷል” ሲሏቸው የነበሩትም መጥተው ተማሩ። በኋላ ከተማው እየሰፋ ሲመጣ የደኑ መሬት ለመኖሪያ ቤት ይሸነሸን ጀመር፤ በስተርጅናቸውም ደኑን ለማዳን ሲሟገቱ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት፣ በ2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ሽልማትን አገኙ። ሽልማቱ ሲመጣ ከዚያ ድርቅ ወዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በየችግኝ ተከላው ዕለት አንድ ሐዲስ ይነገረናል። ሙስሊም ከተከለው ነገር ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። እኔም ስተክል ይህንኑ እያሰብኩ ነበር። ህዳር ላይ ግን ራሴን ጠየቅሁ፤ ወፍ ከደረቀ ጭራሮ ምን ይበላል? ሐዲሱን የሰማሁት እስከ “ተከለ” ድረስ ብቻ ነበር፤ “ቢበላ” ወደሚለው ሳልደርስ ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ።

አማርኛችን ችግኝ ሥር ሲይዝ “ጸደቀ” ይላል። የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም። ይህን እያንዳንዱ ገበሬ ያውቀዋል፤ እኛ የተማርነው ግን “ይህን ያህል ተከልን” ብለን እንቆጥራለን። አላህ ዘንድ ከሥራዎች ሁሉ የተወደደው ትንሽም ብትሆን የሚዘወተረው እንደሆነ ደግሞ ስንት ጊዜ ሰምተናል። ለዘንድሮው ሐፍዝም፣ ለሰላቱም፣ ለችግኙም ያው ነው። ክረምት ላይ ሁሉም ሰው ተካይ ነው፤ ሰው የሚለየው በበጋ ነው። በእውነት ያኩባ ምንም የተለየ ነገር አልነበራቸውም፤ ዶማ፣ ፍግና ሶብር ብቻ ነበራቸው። የነቢዩላህ ያዕቁብ ስም የሶብር ስም መሆኑን ሳስብ ስማቸው ይበልጥ ደስ ይለኛል።

አሁን አንድ ነገር ጀምሬአለሁ። ካልደረቁት ችግኞች መካከል ባለቤት የሌላቸው የሚመስሉ አራት መርጫለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር በኋላ አንድ አንድ ጆግ ውሃ አጠጣቸዋለሁ፤ ዙሪያቸውንም ጎድጎድ አድርጌ ደረቅ ቅጠል አልብሼበታለሁ። ለብቻዬ ከአራት በላይ አልችልም። ዉዱእ ስናደርግ ወደ ቦይ የሚፈስሰውን ውሃ በባልዲ ብንይዘው ግን ለብዙዎቹ ይበቃል። ሐሙስ ዐስርን ሰግደን ስንወጣ በሩ አጠገብ ባልዲ ይዤ ታገኙኛላችሁ።

አላህ ለያኩባ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ከዛፎቻቸው ወፍ የለቀመውን ሁሉ ሰደቃ ያድርግላቸው። የእኛንም ያጽድቅልን። አሚን።