በአባቴ ልቅሶ ላይ ሳቅሁ

በአባቴ ልቅሶ ላይ ስቄያለሁ። ፈገግታ አይደለም የምላችሁ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ፣ ትከሻዬ እየተንቀጠቀጠ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የማለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ» እያሉ ጀርባዬን እስኪደባብሱኝ ድረስ ነው። ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ለንስሐውማ የንስሐ አባታችን አሉ። እሳቸውም በሰዓቱ እዚያው ነበሩ፤ ስቀዋልም።

አባቴ የድሬዳዋ ሰው፣ የምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን ገና በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ድሬ ውስጥ ባቡረኛ መሆን እንደ ማንኛውም ሥራ አልነበረም። ከዚራ ሰፈር ያሉት ዛፍ ያጠላባቸው ቤቶች፣ ወርክሾፑ፣ ከሠራተኛው አፍ የማይጠፋው ፈረንሳይኛ፣ ሁሉም ለባቡረኛ ሞገስ ይሰጡት ነበር። አባቴ ሞገሱን በቀልድ መንዝሮ ጨረሰው።

ያሳቀኝ ነገር የተጀመረው በቀብሩ ማግስት ማታ ነው። የእድሩ ድንኳን በራችን ላይ ተተክሏል። ቤተ ዘመዱ ፍራሽ ላይ ነው፤ ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳያመሽ የመጡት ጡረተኛ ባቡረኞች ደግሞ እንደ ወጉ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይዘዋል። ቡና አድርሼላቸው ደጃፉ ላይ ካሉት እናቶች ጎን አረፍ እንዳልኩ አንዱ የድሮ ባቡር ነጂ ካርታ እያደለ የደወሌን ጉዞ አነሣ። ከጠረፏ ከተማ ከደወሌ ወደ ድሬ በሚመጣው ባቡር የኮንትሮባንድ ሴቶች ቀሚስ በቀሚስ፣ ሽርጥ በሽርጥ ላይ ደራርበው ይሳፈሩ ነበር። አባቴ ፈታሽ አይደለም፤ የእሱ ጉዳይ ትኬት ነው። አንዷን ከእግር እስከ ራሷ አይቶ፣ «እህቴ፣ ደወሌ ላይ ስትሳፈሪ ቀጭን ነበርሽ። ሽንሌ ሳንደርስ እንዲህ ከወፈርሽ ድሬ ላይ የሁለት ሰው ላስከፍልሽ ነው» ይላታል። እሷም ሳትደናገጥ፣ «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ የናንተ ባቡር አየሩ ተስማማኝ!»

ድንኳኑ በሳቅ ሲናጋ አክስቴ ከውስጥ ወጣች። ጥቁሯን ለብሳ፣ ወገቧን በነጠላ አስራ፣ «ይሄ ልቅሶ ነው ወይስ ሠርግ?» አለች። ካርታው ቆመ። ባቡር ነጂው ቀና ብሎ፣ «እትዬ፣ ጥፋቱ የሟች ነው» አላት። አክስቴ ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ወንበር ሳበችና፣ «የቁልቢውን ነግሯችኋል?» ብላ ተቀመጠች።

የቁልቢውን እኔም አልሰማሁም ነበር። አክስቴ ገና ልጃገረድ ሳለች ለታኅሣሥ 19 ንግሥ ከአባቴ ጋር ቁልቢ ገብርኤል ትሄዳለች። ሰው ስለቱን በሚያስገባበት ግርግር መሐል አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ገብርኤል ሆይ፣ ይቺ እህቴ ባል ካገኘችልኝ ጃንጥላ አገባልሃለሁ!» ይላል። ከኋላቸው የቆመ የማያውቁት ሰው ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ «ወንድም፣ ጃንጥላውን ለእኔ ብትሰጠኝ እኔው አገባልህ ነበር» አለው አሉ። አክስቴ ይህን ስትናገር በአንድ ዓይኗ ታለቅሳለች፣ በሌላው ትስቃለች። ነጠላዬን አፌ ውስጥ የጎሰጎስኩት ያኔ ነው።

እዚያው ቁጭ ብዬ በቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ታወሰኝ። የጻፍነው እኔና ወንድሜ ነን። በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ፣ በምድር ባቡር በቅንነት አገለገሉ፣ የአምስት ልጆች አባትና የዘጠኝ ልጆች አያት ነበሩ፣ ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። አንድም ውሸት የለበትም። የእሱን ስም አውጥታችሁ የማዶ ጎረቤታችንን ስም ብታስገቡበት ግን ያው ይሠራል። የቆምኩባቸውን ቀብሮች ሁሉ ሳስባቸው የሰማሁት አንድ ጽሑፍ ነው፤ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሟች ሁሉ ሰው አክባሪ። አገሩ በደጋጎች እንዲህ ከተሞላ፣ በውርስ የተጣሉት ወንድማማቾች ሁሉ ፍርድ ቤት ደጅ ምን ይሠራሉ? እንዲህ የምንጽፈው ለሟች ክብር ብለን እንደሆነ አውቃለሁ። ሳቅ ክብር የሚቀንስ ይመስለንና መጀመሪያ የምናወጣው እሱን ነው። ከአባቴ ላይ ሳቁን ስናወጣ የቀረው የጡረታ ማኅደሩ ነው።

የልጅ ልጆቹ ቢጽፉት ኖሮ እንደዚያ አይሆንም ነበር። አባቴ ጡረታ ሲወጣ የምስጋና ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ ከተተው፤ ትኬት መብሻውን ግን፣ ሳይመልስ ቀርቶ ይሁን ለምኖ አላውቅም፣ ከኪሱ አላወጣውም። እንደ ምስር ፍሬ ያለች ክብ ቀዳዳ ታወጣለች። የመብራት ቢል፣ የእድር ደብተር፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ካርድ፣ ቤታችን የገባ ወረቀት ሁሉ ጠርዙ ላይ ይበሳል። አንድ ጊዜ የባንክ ደብተሩን ይዤ ስሄድ ገንዘብ ከፋይዋ ቀዳዳውን እያየች «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ተሳፍሯል ማለት ነው» አልኳት። እንዳላበድኩ ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ ወንበሮቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ ይደረድራል። ዋጋው በቆርኪ ነው፤ ሦስተኛ ማዕረግ ሁለት ቆርኪ፣ አንደኛ ማዕረግ አምስት። የአንደኛ ማዕረግ ጥቅሙ ትራስ ማግኘት ብቻ ነው። ፊሽካው ይነፋና ጣቢያዎቹ ይጠራሉ፦ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት። ኤረር ላይ ብርቱካን ይላጣል፤ መተሐራ ላይ ስኳር ይላሳል። ወለንጪቲ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ አቃቂ፣ ለገሃር! አዳማና ቢሾፍቱ ያለ ልጅ ከባቡር ይወርዳል። ቆርኪ የሌለው ሰበቡን መናገር አለበት፤ ሰበቡ ካሳቀው በነፃ ይሄዳል። አንዷ የልጅ ልጁ «ትኬቴን ፍየል በላብኝ፣ ፍየሏን ደግሞ በዓሉ በላት» ብላ አንድ ክረምት ሙሉ አንደኛ ማዕረግ ተጓዘች።

አዋሽ ላይ ግን ቆቡን ያወልቃል። «እዚህ ዝም ብለን ነው የምናልፈው» ይላቸዋል። ልጆቹ የጨዋታው ሕግ እየመሰላቸው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገብቷል፤ ከ400 በላይ ሰው አልቋል። አባቴ የዚያን ዕለት ተረኛ አልነበረም። ከሞቱት መካከል ግን የሚያውቃቸው ነበሩ፤ ስለዚያ ቀን ሲያወራ የሰማው የለም።

ለልቅሶ ከመጡት አንዳንዶቹ «ሐዘኑን በሳቅ የሚሸፍን ሰው ነበር» አሉን። እንዲህ ማለት ጥልቅ አሳቢ ያስመስላል፤ አባቴን ግን አይገልጸውም። ሐዘኑን አልሸፈነም፤ ቦታውን ሰጥቶታል፣ አዋሽ ላይ። ከሁርሶ እስከ አሰቦት፣ ከመተሐራ እስከ ለገሃር የሳቀው ስለሚያስቅ ነው። አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከድሬ ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ሲተው ጓደኞቹ ተከዙ፤ እሱም አብሮ ተከዘ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከከተማ ውጭ ያለው አዲሱ ጣቢያ ድረስ ሄዶ ተሳፈረና ተመለሰ። እንዴት ነው ስንለው፣ «ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው። ግን ከተቆጣጣሪው ጋር የሚጣላ ሰው የለም፤ ምኑን ጉዞ ሆነ?» አለ።

በሰልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጆቹ የእድሩን ወንበሮች ደርድረው አገኘናቸው። ትልቁ የእህቴ ልጅ የአያቱን ቆብ ደፍቶ፣ መብሻውን ይዞ ለቀስተኛውን ትኬት ይጠይቃል። ልቆጣ ስል ባቡር ነጂው ቀደመኝና፣ «ትኬት የለኝም፤ አያትህ ያውቀኛል» አለው። ልጁ አሰበና፣ «ሁሉም ሰው እንደሱ ነው የሚለው» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። እናቴ ጋ ደረሰ። ከቀብሩ ወዲህ ከ«እሺ» በቀር ቃል ያልወጣት እናቴ መነጽሯን አውልቃ፣ «እኔ የሠራተኛ ሚስት ነኝ፤ በነፃ ነው የምሄደው» አለችው።

ሳቅ ሐዘንን ያቀላል ሲባል እሰማለሁ። እኔን አላቀለለልኝም። የደወሌዋን ሴትዮ ሳስታውስ አባቴ «ደግ፣ ሰው አክባሪ» ከተባለበት ጊዜ ይልቅ አብልጦ ይናፍቀኛል። ነገር ግን የሚናፍቀኝ እሱ ራሱ ነው፤ ቆቡ ያጋደለው፣ ቢሉን የሚበሳው ሰውዬ። የሕይወት ታሪኩ ላይ ላሉት ሰውዬ ያለቀስኩት በጨዋነት ነው፤ እኝህን ሰውዬ አላውቃቸውም። ከአርባው ጀምሮ ቤታችን ለሚመጣው ሰው አንድ ደንብ አውጥተናል፦ «እግዜር ያጽናችሁ» ካለ በኋላ ከእሱ ጋር የሳቀበትን አንድ ነገር ሳይነግረን አይወጣም። አክስቴ ናት የምታስከብረው። ወንድሜ በስልኩ ይቀዳል፤ እኔ እጽፋለሁ። በሰማንያው ዕለት አንድ ሽማግሌ አባቴ በስተርጅና ከልጅ ልጆቹ ጋር ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሊጨፍር ቆቡን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ በራቸው እንደመጣ፣ በሳሉ እንዳወቁትና «ለዚህኛው ልጅ ሙልሙሉን በወተት አርሱለት፤ ጥርስ የለውም» እንዳሉት ነገሩን።

ሙት ዓመቱ ሰኔ ላይ ነው፤ የዚያን ዕለት የሚነበበው ጽሑፍ ገና አላለቀም። እናንተም በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ከደወሌ ድሬ፣ ከድሬ አዋሽ በዚያ ባቡር ተመላልሳችሁ ከሆነ፣ ቆቡን ወደ ግራ ያጋደለ፣ ትኬት በበሳ ቁጥር «መርሲ» የሚል ረጅም ተቆጣጣሪ ትዝ ካላችሁ ጻፉልን። ያለ ትኬት የተሳፈራችሁትም አትፍሩ፤ አይቶ ነው ያለፋችሁ።