ከቁስቋም እስከ ጎርጎራ

ጎንደርን ለማየት ስትነሡ ወዳጅ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ በ2011 ዓ.ም. ሦስት ባልና ሚስት ሆነን ሄድን። ከመካከላችን አንዱ ቤተሰብ በዚያው ዓመት ልጅ ቀብሯል። ወንድማችን ሐዘኑን በሥራ ሸፍኖ፣ እህታችን ቤቷን ዘግታ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ስለ ልጃቸው መነጋገር አቅቷቸው ነበር።

ከተማው ሁልጊዜ ግርግር ነው። ፒያሳ ላይ ባጃጁ፣ ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው ይጋፋል። በመካከሉ አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሩት ከተማ ግንቦች ቆመዋል። ሳሙኤል ጎባት የሚባለው ሚስዮናዊም በ1830 የአማርኛ ወንጌል ይዞ የገባው ወደዚሁ ከተማ ነው።

ከፒያሳ በስተሰሜን ምዕራብ ወጣ ስትሉ ቁስቋም ትደርሳላችሁ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ቤተ መንግሥት ፍራሽና ቤተ ክርስቲያን በዚያ አለ። ስሙ ከግብፅ የመጣ ነው፤ በኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ትውፊት ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ይዘው ሲሰደዱ ያረፉበት ስፍራ ነው። ማቴዎስ 2፥13-15 ስደቱን ይነግረናል፤ የስፍራውን ስም ግን አይጠቅስም።

እቴጌዋ በዚህ ግቢ ብዙ አዝነዋል። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1755 ሞተ፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1769 ተገደለ። እርሳቸው እስከ 1773 ኖሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች ያስታመመው በዚሁ ነው። የሦስቱ ነው የሚባለው አጽም ዛሬም ለጎብኚ ይታያል።

አስጎብኚው ይህን ሲተርክ እህታችን ከሳጥኑ አጠገብ ቆማ ቀረች። «እኚህም ቀብረዋል» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ከእኛም ጥቅስ የጠቀሰላት የለም። የኢዮብ ወዳጆች መልካም የሠሩት ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ አይደለም? (ኢዮብ 2፥13)።

በማግስቱ በአዘዞና በቆላ ድባ አድርገን ወደ ጎርጎራ ወረድን፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣና በዚያ ወደ የብስ ገባ ብሎ ይተኛል። ዓሣ አጥማጆች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ይቀዝፋሉ። ወንድማችን ውኃውን እያየ የልጁን ስም ጠራ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እኛ አራታችን ቀስ ብለን ራቅ አልን። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ወደ ማታ ዓሣውን አብረን በላን።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ከሕዝቡ ግፊያ ለይቶ ጥቂት እንዲያርፉ ወስዷቸዋል (ማርቆስ 6፥31)። ያዘነ ቤተሰብ በአጠገባችሁ ካለ «እንዴት ናችሁ?» ብላችሁ አትለፉ፤ ከቤት አውጧቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭት ስለ ተነሣ ወደ ጎንደር ለመሄድ አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ያስፈልጋል። ሩቅ መሄድ ባይቻል በአቅራቢያችሁ ያለ ወንዝ ዳር ወይም የዛፍ ጥላ ይበቃል። ምሳ ቋጥሩ፤ ስልካችሁን አጥፉ፤ የሞተውን ልጅ ስም ለመስማት ጆሮ ይኑራችሁ።

የሚያዝኑትን የሚያጽናና ጌታ ቤታችሁን ይጎብኝ።