ቃል የሌለው ካሴት

አባቴ በጥቅምት 1988 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ የሚከፈተው ለዜና ብቻ ነበር። እናቴ ከሬዲዮው አጠገብ ትቀመጥና ዜና አንባቢው የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ቁልፉን ትዘጋዋለች። ከዜናው በስተኋላ ዘፈን እንደሚከተል ታውቃለቻ! ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን የማስታወቂያ ዜማ በፉጨት ቢሞካክር፣ «የአባትህ አፈሩ ሳይደርቅ!» ተብሎ ሁለት ቀን አኩርፎ ከረመ። ፍራሹ ከመሬት ቢነሣም፣ አርባው ቢወጣም፣ ዝምታው ግን እንደተነጠፈ ነበር።

እህቴ ያን ጊዜ ዋሽንግተን ናት። መርዶውን የነገሯት አባታችን ከተቀበረ ከሳምንት በኋላ፣ ጓደኞቿ ተሰብስበው ገና ጎሕ ሳይቀድ በሯን አንኳኩተው ነው። ወረቀቷ ስላልተስተካከለ መምጣት አልቻለችም። ስልክ ደግሞ ውድ ነው፤ ቢደወልም ሁለቱም ያለቅሱና ደቂቃው ያልቃል። ስለዚህ በታኅሣሥ መጀመሪያ በሰው እጅ አንድ ካሴት ላከችልን። የዚያን ዘመን ሰው የድምፅ ደብዳቤ ምን እንደሆነ ያውቃል። ተቀምጠው ለቴፕ ያወሩታል፣ ቴፑ ባሕር ተሻግሮ ያወራል።

ሁላችንም ከበን ተቀመጥን። እህቴ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረች፤ አለቀሰች፤ አባቴን «አባብዬ» እያለች ጠራችው። ከዚያ «በሉ ቻው፣ እናቴን አደራ» ካለች በኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና፣ አንድ ሳክስፎን ከተጀመረ ዜማ መካከል ብቅ አለ። ክው አልን። የእናቴ ጣት ማቆሚያው ላይ ደርሶ ነበር። አልተጫነችውም። ልጇ ተመልሳ የምትናገር መስሏት ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ካሴቱ እስኪያልቅ ሄደ።

ነገሩ ሌላ ተአምር የለውም። እህቴ ባዶ ካሴት አጥታ ሙዚቃ የተቀዳበት ላይ ድምፅዋን ቀዳችበት። ድምፅዋ ባለቀበት ቦታ የድሮው ሙዚቃ ቀጠለ። ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ ከተጻፈው «ኬኒ ጂ» ከሚለው በቀር ሌላ ጽሑፍ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እናቴ በየማታው የልጇን ድምፅ ትሰማለች፤ የልጇ ድምፅ ሲያልቅ አትዘጋውም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የላይኛዋ ጎረቤታችን መጣች። «ምነው እታለም፣ ሙዚቃ ሰማሁ ልበል?» አለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። ልብ በሉ፣ ሐዘን ብቻ አይደለም፤ የነቢያት ጾምም ነው።

«የልጄ ድምፅ ነው» አለች እናቴ።

ጎረቤታችን ጆሮዋን አቀናች። ከሳክስፎን በቀር የሰው ድምፅ የለም።

«ዘፈን አይደለም፤ ቃል የለውም» ብላ አከለችበት።

ቃል የሌለው ዘፈን ዘፈን ነው ወይስ አይደለም? ይህን የንስሐ አባቷን ትጠይቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጠየቀችም። ብልህ ሴት ናት፤ መልሱ የማይጥማትን ጥያቄ አትጠይቅም። ጎረቤታችንም ቡናዋን እስከ በረካ ጠጥታ፣ «እንደ ዋሽንት ነው» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የምትመጣው በካሴቱ ሰዓት ነበር።

የካሴቱን ምንነት የደረስኩበት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ አንድ ትልቅ ሆቴል ገባሁ። እንግዳ መቀበያው ውስጥ መብራት የተጠመጠመበት ጥድ ቆሟል። የፈረንጆቹ ገና ሊደርስ ነው። ከጣሪያው ላይ ሕፃናት በኅብረት ይዘምራሉ። ዜማው ከእህቴ «ቻው» በኋላ ብቅ የሚለው ያ ዜማ ነው! አስተናጋጁን ብጠይቀው «ሳይለንት ናይት» ነው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1818 በኦስትሪያ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጊታር ታጅቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረ የልደት መዝሙር መሆኑን በኋላ አነበብሁ። የእኛ ካሴት ኬኒ ጂ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው «ሚራክልስ» የተሰኘው የበዓል አልበም ኖሯል። እንግዲህ እኛ ጥቁር ለብሰን፣ ሐዘን ተቀምጠን፣ የፈረንጅ ዓመት በዓል ስናከብር ከርመናል ማለት ነው።

በስልክ ለእህቴ ብነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። እሷ የምትሠራበት ሱቅ ውስጥ ያ አልበም በበዓሉ ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ይከፈት ነበር። ገበያተኛው ስጦታውን ሲያሽግ እሷ ሒሳብ ትቀበላለች። «ከጆሮዬ አልወጣ ሲል ቀዳሁት፤ ምን ዘፈን እንደሆነ ግን ቁጥር ሰጥቼው አላውቅም» አለችኝ።

አልበሙ እንደወጣ የአሜሪካን የሽያጭ ሰንጠረዥ በአንደኝነት መርቷል፤ እዚያው አሜሪካ የ8 ሚሊዮን ቅጂ የፕላቲነም ማረጋገጫም አግኝቷል። የጃዝ ሰዎች ግን ሰውዬውን አይወዱትም። ጊታሪስቱ ፓት ሜቴኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወረደበት ውርጅብኝ ዛሬም ይጠቀሳል። ኬኒ ጂ በሟቹ በሉዊ አርምስትሮንግ ዘፈን ላይ የራሱን ሳክስፎን ደርቦ ማሳተሙ ነበር ያስቆጣው። ሳክስፎን የሚጫወት አንድ ወዳጅም አለኝ። ካሴቱን ሳሰማው፣ «የማኪያቶ አረፋ ነው፤ ከሥሩ ቡናው የለም» አለኝ። ጌታቸው መኩሪያ በቴነር ሳክስፎን ሽለላ ሲያስነካው ሰምቶ ያደገ ሰው ሌላ ምን ይበል? በጌታቸው እስትንፋስ ውስጥ ጦርም ፈረስም አለ። የኬኒ ጂ ቀጥ ያለች ሶፕራኖ ሳክስፎን ደግሞ ማንንም አታስደነግጥም። ሰውየው ጉንጩ ውስጥ ባጠራቀመው አየር እየነፋ በአፍንጫው ይተነፍሳል። በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1997 ኒው ዮርክ ውስጥ አንዲት ኖታ ለ45 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ሳያቋርጥ ይዞ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። «አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ነገር የሚናገር ሰው፣ የሚናገረው የለውም» ይላል ወዳጄ።

እውነቱን ነው። እኔም ለብቻዬ ስሆን የምከፍተው ጌታቸውን ነው። ነገር ግን በ1988 ዓ.ም. እኛ ቤት ሽለላ ቢገባ ኖሮ ምን ይሠራ ነበር? ድሮ ለጀግና ለቅሶ ይፎከር እንደነበር አውቃለሁ። አባቴ ግን ዕድሜውን ከሒሳብ መዝገብ ጋር የፈጀ ሰው ነው። በምኑ ይፎከርለታል? ሚዛኑ ሳይዛነፍለት ኖረ ተብሎ? የኬኒ ጂ ሳክስፎን ከእናቴ ምንም አልጠየቀም። አልቅሺ አላላትም፤ ተጽናኚም አላላትም። አጽናኞች ከሚያወርዱባት ቃል ሁሉ መካከል ያ ነገር ቃል አልነበረውም። እዚያው አልበም ላይ የብራምስ እሹሩሩ ዜማም አለ። እናቴ ብዙ ጊዜ እሱ ሲደርስ ወንበሯ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ነጠላዋን የማለብሳት እኔ ነበርኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሌሊት እንደማትተኛ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ምስጢሩን ለእናቴ ሳልነግራት ስምንት ዓመት ቆየሁ። ሐዘኔን ቀለድኩበት ብላ የምታዝን መሰለኝ። በመካከሉ ቴፑ ካሴቱን ሁለት ጊዜ በልቶት በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ አድኜዋለሁ። እህቴም ወረቀቷ ተስተካክሎ መጥታ ሄዳለች። እሷ ባለችበት ካሴቱ አልተከፈተም፤ የራሷን ለቅሶ መስማት አትችልም።

በመጨረሻ የነገርኳት በ1998 ዓ.ም. በገና ዋዜማ ነው። ማዕድ ቤት ውስጥ ለዶሮው ሽንኩርት ታቁላላለች።

«እማዬ፣ ያ ካሴት እኮ የገና ነው» አልኳት።

«የምን ገና?»

«የፈረንጆቹ ገና። የበዓል ዘፈናቸው ነው። እኛ ሐዘን ላይ ሆነን…»

ማማሰያዋን አላቆመችም። «ልደቱ የማን ነው?»

«የጌታ ነዋ። ግማሹ እንኳ ስለ በረዶ ነው።»

«የሚነፋው ሰው ክርስቲያን ነው?»

«አይደለም፣ አይሁዳዊ ነው። የአይሁድ በዓል ዜማም አስገብቶበታል።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ዓይኗ በሽንኩርቱ ቀልቷል። «አሁን ይኼን ብለህ ነው ስምንት ዓመት የደበቅኸኝ? ጌታ ራሱ ከማን ወገን ተወለደና!» ብላ ሳቀች። ቀጥላም እጇን በሽርጧ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣

«ሂድ ክፈተው እስቲ። ከልጄ ጀምረው። ድምፁን ደግሞ ከፍ አድርገው፣ ቁሌቱ እየጮኸ አያሰማኝም» አለችኝ።