የማዕድ ክብር
እኛ የእሪያ ሥጋ በሃይማኖታችን የተከለከለ ስለ ሆነ አንቀምሰውም። ሆኖም አለመብላትና የሚበላውን መናቅ የተለያዩ ናቸው። በመሥሪያ ቤታችን ይህ ወሬ በተነሣ ቍጥር ፊቱን የሚያጨማድደው ብዙ ስለ ሆነ፥ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በፊሊፒንስ «ሌቾን» የሚባለው ሙሉ ጥብስ የታላላቅ በዓላት ምግብ ነው። የሴቡ ሰዎች ሆዱን በጠጅ ሣርና በነጭ ሽንኩርት ሞልተው፥ በቀርከሃ ሰክተው፥ ቆዳው ቀልቶ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ በፍም ላይ ለሰዓታት ያገላብጡታል። በባላያን ከተማም በመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ጥብሱን አስጊጠው በአደባባይ ያዞሩታል።

የሀዋይ ሰዎች ደግሞ «ኢሙ» በሚባል፥ የጋለ ድንጋይ በተነጠፈበት ጕድጓድ ያበስሉታል። በዚያ አገር ሴቶች ከወንዶች ጋር እንዳይበሉ፥ የእሪያም ሥጋ እንዳይቀምሱ ጥንት በሕግ ተከልክለው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1819 ዓ.ም. ንጉሥ ካሜሃሜሃ 2ኛ ከሴቶች ማዕድ ተቀምጦ ቢበላ፥ ያ የቆየ ሕግ ፈረሰ።

እንግዲህ ሙሉ ጥብስ ለአንድ ሰው አይጠበስም፤ ዘመድንና ጎረቤትን ይጠራል። እኛም በሬ አርደን ቅርጫ ስንካፈል የምናውቀው ምሥጢር ይኸው ነው። ስለዚህ ለትምህርት ባሕር የሚሻገር ወጣት ከእንዲህ ያለ ግብዣ ቢጠራ፥ ሥጋውን ይተው፤ የጋበዘውን ሰው ግን አያሳፍር።